በቂ ውሃ እንዴት ይጠጣል? ልኩን ከራስ ሰውነት ማንበብ

«በቀን ስምንት ብርጭቆ ጠጣ» የሚለውን ምክር ያልሰማ የለም። ምክሩ ግን ብርጭቆው ስንት እንደሚይዝ፣ ጠጪው ስንት ኪሎ እንደሚመዝን፣ ቀኑን ጥላ ሥር ተቀምጦ ይዋል ወይስ ፀሐይ ላይ ሲቆፍር፣ አይጠይቅም። ምንጩ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣ የአሜሪካ የሥነ ምግብ ቦርድ መመሪያ ነው። መመሪያው ለአዋቂ ሰው በቀን 2.5 ሊትር ገደማ ውሃ ያስፈልጋል ይልና፣ የዚህ አብዛኛው ከሚበላው ምግብ ውስጥ እንደሚገኝ ወዲያው ያክላል። ቁጥሩ በየአፉ ሲዞር ማብራሪያው ወደ ኋላ ቀረ።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር የራስን ልክ ለማግኘት ነው። ሦስት አራት ቀን ልብ ብለው ከተከታተሉት፣ ከዚያ በኋላ መቁጠር አያስፈልግም።

ውሃው የት ይሄዳል?

ከአዋቂ ሰው ክብደት 60 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ሳይሮጡ፣ ሳይለፉ በዋሉበት ቀን እንኳ በሽንት 1.5 ሊትር ገደማ ይወጣል፤ በቆዳና በትንፋሽ ሳይታወቅ የሚተነው ደግሞ ሌላ ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ነው። ላብ ሲጨመርበት ሒሳቡ በሙሉ ይለወጣል።

ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ኩላሊቶች ናቸው። በ24 ሰዓት ውስጥ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ከዚያም 99 በመቶ የሚሆነውን መልሰው ለሰውነት ይሰጣሉ። ቆሻሻውን ለማውጣት ግን ቢያንስ ግማሽ ሊትር ያህል ሽንት የግድ ነው። ሰው ጨርሶ ባይጠጣም ይህ ውሃ ከራሱ ሰውነት ተቀንሶ ይወጣል። ትንሽ የሚጠጣ ሰው ሽንቱ የሚጠቁረውም፣ ያው ቆሻሻ በጥቂት ውሃ ስለሚወጣ ነው።

ጥቅሙ በግልጽ የታየው እዚሁ ላይ ነው። ሽንት ሲወፍር ካልሲየምና ኦክሳሌት የመሳሰሉ ነገሮች ይጠጥራሉ፤ የኩላሊት ጠጠር የሚባለው ይህ ነው። በጣሊያን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት፣ አንድ ጊዜ ጠጠር የያዛቸውን 199 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ 5 ዓመት ተከታትሏል። በቀን 2 ሊትርና ከዚያ በላይ ሽንት እስኪወጣቸው ድረስ ውሃ ከጠጡት መካከል ጠጠሩ የተመለሰባቸው 12 በመቶ ሲሆኑ፣ እንደ ልማዳቸው በጠጡት ላይ 27 በመቶ ደርሷል። የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን እየተመላለሰ የሚያስቸግራቸው ሴቶች ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ ቀድሞ ጥቂት ይጠጡ የነበሩ ሴቶች በየቀኑ 1.5 ሊትር ሲጨምሩ፣ በዓመት በአማካይ የታመሙት 1.7 ጊዜ ነው፤ ያልጨመሩት 3.2 ጊዜ ታመዋል።

የሆድ ድርቀት፣ ራስ ምታትና ሐሳብ መበተን ላይ ውሃ የሚረዳው እጥረት ኖሮ ከሆነ ነው። በቂ እየጠጣ ሆዱ የሚደርቅበት ሰው ሌላ 2 ሊትር ቢያክል ሽንት ቤት ከመመላለስ በቀር ብዙም አያተርፍም። «ቆዳ ያበራል፣ መርዝ ያጥባል» ለሚለው ወሬ ደግሞ ጆሮ አይስጡ። ደምን የሚያጠራው ኩላሊትና ጉበት ነው፤ ሥራቸውን ለመሥራት የሚበቃቸውን ውሃ ካገኙ ትርፉ ወደ ሽንት ይሄዳል።

1. ዕቃዎን ይለኩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ይጀምራል። የቤት ብርጭቆ 180 ሚሊ ሊትርም ሊይዝ ይችላል፣ 300ም። ግማሽ ሊትር የሚል የታሸገ የውሃ ፕላስቲክ ይውሰዱና ዘወትር በሚጠጡበት ብርጭቆ ይገልብጡት። ልክ ሁለት ጊዜ ከሞላ ብርጭቆዎ 250 ሚሊ ሊትር ነው። ሲሞክሩት እንደ ወትሮው እስከሚቀዱበት ድረስ ብቻ ይሙሉ፤ ማንም ሰው ውሃ እስከ አፍ ሞልቶ አይጠጣም። ከዚያ በኋላ ሒሳቡ ሁሉ በዚያ ዕቃ ይሁን።

2. መነሻ መጠን ይያዙ

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው መጠን ለአዋቂ ሴት በቀን 2 ሊትር፣ ለአዋቂ ወንድ 2.5 ሊትር ነው። ይህ ግን ምግብ ውስጥ ያለውንም ይጨምራል፤ ፍራፍሬ፣ አትክልት፣ ሾርባና ወጥ በአብዛኛው ውሃ ናቸው። ከመጠኑ አንድ አምስተኛው በምግብ ይገኛል ብለን ብንቀንስ፣ በመጠጥ መልክ የሚቀረው ለሴት 1.6 ሊትር፣ ለወንድ 2 ሊትር ነው። በ250 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ሲቆጠር ለሴት ስድስት ተኩል ገደማ፣ ለወንድ ስምንት ይሆናል። ስምንት ብርጭቆ የሚለው ምክር ለአንዳንዱ ሰው ልክ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ነው።

ነፍሰ ጡር በዚህ ላይ 300 ሚሊ ሊትር፣ የምታጠባ እናት 700 ሚሊ ሊትር ትጨምር። ሻይና ቡና ይቆጠራሉ፤ የለመደ ሰው ሲጠጣቸው የሚያሸኑት ከሚሰጡት ውሃ አይበልጥም። አልኮል አይቆጠርም፤ ኩላሊት ውሃ እንዲመልስ የሚያዘውን ሆርሞን ያፍናል። ለስላሳ መጠጥ ውሃነቱ ባይካድም፣ አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ።

3. ቀኑ ላይ ያከፋፍሉት

ጠዋት ረስቶ ማታ 1 ሊትር በአንድ ትንፋሽ መገልበጥ የተለመደ ነው፤ የሚያተርፈው ግን ትንሽ ነው። ብዙ ውሃ በአንዴ ሲገባ ደም በጥቂቱ ይቀጥናል፣ አንጎል ውሃ አስቀሪውን ሆርሞን ይቀንሳል፣ ኩላሊትም ትርፉን በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ያወጣዋል። ቀኑን ሙሉ የደረቀ ሰው በዚያው ሌሊት ሦስት ጊዜ ከእንቅልፉ ይነሣል።

ስለዚህ ሲነሡ አንድ ብርጭቆ፣ ከእያንዳንዱ ምግብ ጋር አንድ፣ ረፋድ ላይ አንድ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ወይም ሁለት ይጠጡ። ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ጉሮሮ ከማርጠብ አይለፉ። «ከምግብ ጋር ውሃ መጠጣት የጨጓራ አሲድ ያቀጥናል» የሚባለው አያስጨንቅዎ፤ ጨጓራ እንደሚያስፈልገው አሲድ ይጨምራል። መርሳት ለሚያስቸግረው ሰው ከስልክ ማስታወሻ ይልቅ የተሞላ ጠርሙስ ዓይን ሥር ማስቀመጥ ይሻላል፤ የስልኩ ደወል በሁለተኛው ሳምንት መዘጋቱ አይቀርም።

4. ሽንትዎን ያንብቡ

መነሻው መጠን ግምት ነው፤ የሚያርመው ሽንት ነው። የጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ሌሊቱን ሙሉ ሲጠራቀም ስላደረ ሁልጊዜ ይደምቃል፤ በእሱ አይፍረዱ። የቀትሩንና የከሰዓቱን ይመልከቱ። የገለባ መልክ ያለው ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ልክ ነው። ጠቆር ወዳለ ቢጫ ወይም ወደ ቡናማ ካደላ በቀን አንድ ብርጭቆ ይጨምሩና በማግሥቱ እንደገና ይዩ። ቀኑን ሙሉ እንደ ቧንቧ ውሃ ነጭ ከሆነ ከሚያስፈልግዎ በላይ እየጠጡ ነው፤ ይቀንሱ።

ይህ ንባብ የሚያሳስትበት ቦታ አለ። መጸዳጃው ውስጥ ያለ ውሃ ሽንቱን ስለሚያቀጥነው ጥቁሩ ፈዛዛ ይመስላል፤ ሲወርድ እያለ ወይም ጥርት ባለ ኩባያ ይዩት። ቢጫ አምፖልም ሁሉን ያቢጫል። የቢ ቫይታሚን እንክብል ሽንትን ደማቅ ቢጫ ያደርጋል፣ ቀይ ሥር ያቀላዋል፣ ሪፋምፒሲን የሚባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ብርቱካናማ ያደርገዋል። ሳይበሉትና ሳይወስዱት ቀይ ከሆነ ግን ውሃ መጨመር መልስ አይሆንም፤ ሐኪም ይየው።

ጥማትስ? ጤነኛ አዋቂ ሰው በአብዛኛው ሊያምነው ይችላል። የማይታመነው በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ነው፤ ስሜቱ ስለሚደክም ሰውነታቸው ደርቆም አይጠማቸውም። ለእነሱ «ውሃ ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ቀድቶ በእጅ መስጠት ነው።

5. ለሚያልብ ሰው፦ ሚዛን

ስፖርት ወይም የጉልበት ሥራ ሲኖር ልኩን የሚነግረው ሚዛን ነው። ከመጀመርዎ በፊት ሽንት ወጥተው፣ በቀላል ልብስ ይመዘኑ። ሲጨርሱ ላቡን በፎጣ አድርቀው፣ በዚያው ዓይነት ደረቅ ልብስ እንደገና ይመዘኑ፤ ላብ የጠጣ ከናቴራ በቀላሉ ያሳስታል። አንድ ኪሎ ሲቀንስ አንድ ሊትር ውሃ ወጥቷል ማለት ነው። ለምሳሌ 70 ኪሎ የነበረ ሰው ለአንድ ሰዓት ሮጦ 69.2 ሆነ እንበል፤ መሀል ላይ ግማሽ ሊትር ጠጥቷል። የጎደለው 0.8 ሲደመር የጠጣው 0.5፣ በሰዓት ያለበው 1.3 ሊትር ነው። ከክብደቱ 2 በመቶ፣ እዚህ ላይ 1.4 ኪሎ፣ ከጎደለ ጉልበትም ትኩረትም መድከም ይጀምራል። ስለዚህ ይህ ሰው ሳይጠጣ አንድ ሰዓት ቢሮጥ እንኳ ወደ ድንበሩ ተጠግቷል።

ሲያበቃ ለጎደለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.25 እስከ 1.5 ሊትር፣ ቀስ እያሉ፣ ጨው ካለበት ምግብ ጋር ይጠጡ። ከጎደለው በላይ የሚጠጣው፣ ወደ ሽንት የሚሄደውን ለመተካት ነው።

6. ተቅማጥና ትውከት ሲኖር

እዚህ ላይ ውሃ ብቻውን አይበቃም። አንጀት ሶዲየምና ግሉኮስን፣ ማለትም የጨውና የስኳር ክፍሎችን፣ በአንድ በር አብሮ ያስገባል፣ ውሃውም እነሱን ተከትሎ ይገባል። ኦአርኤስ የሚባለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የተሠራው በዚህ መሠረት ነው። ከተገኘ እሱን፣ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን በጥብጠው ይጠቀሙ። ካልተገኘ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጡ። ማንኪያውን በቢላ ጀርባ ይላጉት፤ ጨው ከበዛ በተለይ ለሕፃን አደገኛ ነው፣ ስኳር ከበዛ ደግሞ ውሃውን ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያባብሰዋል። ከ24 ሰዓት በላይ የቆየውን ይድፉት።

ለሚያስመልሰው ሕፃን በየአንድ ሁለት ደቂቃው በሻይ ማንኪያ ይስጡት፤ ካስመለሰ 10 ደቂቃ ጠብቀው ይቀጥሉ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ካልወጣው፣ ለሰዓታት ካልሸና ወይም ከፈዘዘ ወደ ጤና ተቋም ይሩጡ።

ውሃው ንጹሕ መሆኑ ካላስተማመነ ይፈላ፤ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር በሚያልፍ ደጋ ግን 3 ደቂቃ፣ ምክንያቱም እዚያ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል።

7. የማይጨምሩ ሰዎች፣ የማይታለፍ ልክ

ኩላሊት በሰዓት ማውጣት የሚችለው 1 ሊትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ለሰዓታት ሲጠጣ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል፣ የአንጎል ሕዋሳት ያብጣሉ፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መዘባረቅ፣ ሲብስም መንፈራገጥ ይመጣል። ረጅም ርቀት ሮጦ ሲመዘን ክብደት የጨመረ ሰው ከላቡ በላይ ጠጥቷል፤ ተጨማሪ ውሃ አይስጡት።

የልብ ድካም ያለበት፣ ኩላሊቱ የደከመ ወይም እጥበት ላይ ያለ፣ በጉበት ሕመም ሆዱ ውሃ የቋጠረ ሰው ከላይ ያለውን መጠን ይተወው፤ የእሱን ልክ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን በሙቀት ወቅትም ቢሆን ውሃ አይሰጠውም፤ የእናት ጡት ወተት ውስጥ የሚበቃው አለ።

በሌላ በኩል 4 ሊትር ጠጥቶም የማይረካ፣ ሌሊት ደጋግሞ የሚሸና፣ በዚያ ላይ ክብደት እየቀነሰ የሚሄድ ሰው ጠርሙስ መቁጠሩን ትቶ የደም ስኳሩን ይመርመር።