ከ60 ዓመት በኋላ ስፖርት እንዴት ይሠራል?

ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ለስፖርት ምላሽ መስጠቱን አያቆምም፤ ይዘገያል እንጂ። ደም ሥሮች የመለጠጥ አቅማቸው ይቀንሳል፤ ውስጠኛው ሽፋናቸውም ደም ሥርን የሚያሰፋውን ናይትሪክ ኦክሳይድ እንደ ወጣትነት ጊዜ አያመነጭም። አድሬናሊን ቢረጭም ልብ ድሮ የሚፈጥነውን ያህል አይፈጥንም። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ ይበልጥ መጠንቀቅ ያለብን ስፖርቱ ሲጀመርና ሲያልቅ ነው።

1. መጀመሪያ የደም ግፊትዎን ይለኩ። ሲራመዱ ደረትዎን የሚያስጨንቅዎ ወይም ራስዎን የሚያዞርዎ ከሆነ ሳይጀምሩ ሐኪም ያማክሩ። ሴቶች ከወር አበባ መቋረጥ በኋላ ደም ሥርን የሚጠብቀው ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስባቸው፣ ድሮ ግፊቴ ደህና ነበር ብለው መለካቱን አይተዉት።

2. 10 ደቂቃ ያሟሙቁ። በዝግታ መራመድና ክንድ ማወዛወዝ ይበቃል። የደረቀ ደም ሥር ለመስፋት ጊዜ ይፈልጋል፤ ድንገት ሩጫ ከጀመሩ የላይኛው ግፊት ሽቅብ ይወጣል።

3. ፍጥነትዎን በንግግር ይለኩ። ከፍተኛውን የልብ ምት ለመገመት ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ የሚባለው ስሌት ለ65 ዓመት ሰው 155 ምት ይሰጣል፤ መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚባለውም በደቂቃ ከ99 እስከ 118 ምት ይሆናል። እኔ ግን ብዙም አልተማመንበትም፤ በተለይ አቴኖሎል ወይም ሜቶፕሮሎል የተባሉትን የግፊትና የልብ መድኃኒቶች ለሚወስድ ሰው አይሠራም፤ መድኃኒቱ ራሱ የልብ ምትን ይዞ ያስቀራልና። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎ ልኩ ላይ ነዎት። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲህ ያለ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል።

4. በሳምንት 2 ቀን ጡንቻ ያሠሩ። ከስፖርት በኋላ የሚጨምረው የእድገት ሆርሞን በዕድሜ ይቀንሳል፤ የወንዶች ቴስቶስተሮንም ቀስ በቀስ ይወርዳል። ይህን እያነሱ “ሆርሞን ይጨምራል” የሚባል ዱቄት የሚሸጡ አሉ፤ ገንዘብዎን ይቆጥቡ። ጡንቻ የሚጠነክረው በዋናነት ራሱ ሲሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ በሆነ የቦስተን ጥናት፣ 90 ዓመት ገደማ የሆናቸው ሰዎች 8 ሳምንት ክብደት በእግራቸው አንስተው ጉልበታቸው በግልጽ ጨምሯል። ቤት ውስጥ ከወንበር ላይ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይነሡ፣ ይቀመጡ። ሲነሡ ትንፋሽ ያውጡ፤ አምቆ መያዝ ግፊትን ድንገት ከፍ ያደርጋል።

ያረጀ ጡንቻ ከወጣቱ የበለጠ ፕሮቲን ይፈልጋል። በጾም ወቅት ሽሮ፣ ምስር ወይም ባቄላ ከእያንዳንዱ ማዕድ አይጥፋ፤ እንጀራና ጎመን ብቻውን አይበቃም።

5. ድንገት አያቁሙ። ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ስንንቀሳቀስ የእግር ጡንቻ ደሙን ወደ ልብ ይገፋል፤ ቀጥ ስንል ግን ደሙ በተስፋፉት የእግር ደም ሥሮች ውስጥ ይቀራል። በወጣት ላይ አንገት አካባቢ ያሉት የግፊት ተቆጣጣሪ ነርቮች ወዲያው ያስተካክሉታል፤ በአረጋዊ ላይ ይዘገያሉ፤ ከዚያ ማዞር፣ አንዳንዴም መውደቅ ይመጣል። ስለዚህ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እያዘገሙ ይጨርሱ። ወዲያው ሙቅ ሻወር አይግቡ፤ ሙቀቱ ደም ሥሮችን ይበልጥ ያሰፋቸዋል። ጥማት በዕድሜ ስለሚደበዝዝም ባይጠማዎ እንኳ ውሃ ይጠጡ። ከስፖርት በኋላ ግፊት ለሰዓታት ዝቅ ብሎ ሊቆይ ይችላል፤ ይህ ጥቅሙ ነው፤ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ከመቀመጫው ቀስ ብሎ ይነሣ።

6. የስኳር ሕመም ካለብዎ ምግብና መድኃኒትዎን ከሐኪምዎ ጋር ያስተካክሉ። ስፖርት ጡንቻን የደም ስኳርን ለሚያወርደው ለኢንሱሊን ንቁ ያደርገዋል፤ ውጤቱም 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ እስከ 9 ሰዓት እየጾሙ ባዶ ሆድዎን ስፖርት አይሥሩ፤ ከረሜላ ወይም ስኳር ኪስዎ ውስጥ ይያዙ። ከሰዓት በኋላ ስፖርት ሠርተው ሌሊት የሚያልብዎና የሚያንቀጠቅጥዎ ከሆነ ስኳርዎ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ጣፋጭ ነገር ይውሰዱ፤ በማግስቱም ስለ መድኃኒቱ መጠን ሐኪምዎን ያነጋግሩ።