ሸክላ ማጫወቻው ሲያስቸግር፦ ዕቃ ከመግዛት በፊት ምልክቱን ስሙ

የአባቴ ሸክላዎች ደሴ ሆጤ ባለው ቤታችን፣ ቡፌው ውስጥ ለዓመታት ተደርድረው ኖረዋል። አብዛኞቹ ትንንሾቹ ናቸው፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት። ባቲውም አምባሰሉም እነሱ ላይ ነው ያለው። ማጫወቻ ካገኘሁ ወዲህ ደረጃ በደረጃ፣ ከደሞዝ እየቆጠብኩ አሻሽዬዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ግን ሰው የመከረኝን ሁሉ ለመግዛት እሮጥ ነበር። በኋላ የገባኝ፣ ቀጥሎ የሚገዛውን ዕቃ የሚነግረን ችግሩ ራሱ መሆኑ ነው። እና ከምልክቱ እንነሳ።

ዘፈኑ ይጎተታል፣ ድምፁም ይወፍራል

ይሄ የኔ የመጀመሪያ ችግር ነበር። አጎቴ ከአሜሪካ ያመጣልኝን ማጫወቻ በትራንስፎርመር ሰክቼ አስነሳሁት። ዘፋኟ ወንድ ሆነች። ክራሩ ከባድ ሸክም ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ይመስል ነበር። ያሳየሁት ጠጋኝ «ሞተሩ አልቆለታል፣ ቀይረው» አለኝ። ሞተሩ ግን ደህና ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ። ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይነካውም። በአንዳንድ ማጫወቻዎች ውስጥ ያለው ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው። ስለዚህ ስድስት መዞር ሲገባው አምስት ብቻ ይዞራል።

ማረጋገጫው ምንም ወጪ የለውም። ሸክላው የሚያርፍበት ሳህን ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፉ። ፍጥነቱን 33 (በትክክሉ 33 ከ1/3) ላይ አድርጉና በስልካችሁ ሰዓት ሦስት ደቂቃ ያዙ። ወረቀቱ በፊታችሁ 100 ጊዜ ማለፍ አለበት። እኔ ስቆጥር 83 ላይ ሰዓቱ አለቀ። 83 አካባቢ ካገኛችሁ ጥፋቱ የኸርዝ ነው። መፍትሄው ለ50 ኸርዝ የተሠራ ፑሊ ነው፤ ሞተሩ ጫፍ ላይ የሚገባ፣ ከነባሩ ወፈር ያለ ትንሽ ብረት። ከመግዛታችሁ በፊት የማጫወቻችሁን ሞዴል አረጋግጡ። በአዳፕተር የሚሠሩ፣ ዲሲ ሞተር ያላቸው ማጫወቻዎች ይሄ ችግር የለባቸውም፤ ለ220 የሚሆን አዳፕተር ብቻ ይበቃቸዋል።

95 ወይም 97 ካገኛችሁና አንዳንዴ ፈጠን አንዳንዴ ዘገየት የሚል ከሆነ ግን ቺንጋውን እዩት። ላልቶ ወይም ቅባት ነክቶት ይንሸራተታል። ከሶኬት ንቀሉ፣ ሳህኑን አንሱ፣ ፑሊውን በአልኮል ጥረጉ። ቺንጋው ከተለጠጠ ግን ቀይሩት እንጂ አትቀቅሉት። መቀቀል ለሳምንት ያህል ያታልላል፣ ከዚያ ወደነበረበት ይመለሳል።

ፍጥነቱ ልክ ሆኖ ድምፁ ብቻ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ መሃል ቀዳዳው ሰፊ የሆነውን ሸክላ ያለ ማስገቢያው፣ ማለትም ቀዳዳውን ከሚሞላው ክብ ቁራጭ ውጭ አስቀምጣችሁት ይሆናል። አምባሰል ላይ ድምፁ ረዘም ብሎ ሲያዝ ወዲያው ይሰማችኋል።

ድምፁ ሩቅና ቀጭን ነው

ማጫወቻውን ከቲቪው ስፒከር ጋር አገናኝታችሁ ድምፁን እስከ ጥግ ብትከፍቱም ጎረቤት ቤት እንደሚዘፈን ሆኖ ይሰማል፤ ቤዝ የሚባል ነገር የለም። ስፒከሩን አትውቀሱ። መርፌው የሚያወጣው ኃይል በጣም ትንሽ ነው፣ በተለመደው ካርትሪጅ (መርፌውን የሚይዘው ትንሽ ዕቃ) አምስት ሚሊቮልት አካባቢ። ከዚያ በላይ ደግሞ ሸክላ ሲቀረፅ ሆን ተብሎ ቤዙ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይጨመራል። ሲጫወት ይሄ መገልበጥ አለበት። ሥራውን የሚሠራው ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው ትንሽ ሳጥን ነው። ከማጫወቻው ጀርባ ፎኖና ላይን የሚል ማብሪያ ካለ ሳጥኑ ውስጡ አለ ማለት ነው፤ ላይን ላይ አድርጉትና ገንዘባችሁን ያዙ። በተቃራኒው ሁለት ፕሪአምፕ ከተደራረበ ድምፁ ይደፈርሳል፣ ይጮሃል።

ኡምምም የሚል ድምፅ አለው

ከማጫወቻው ጀርባ ከድምፅ ገመዶቹ ጋር የሚወጣ ቀጭን ሽቦ አለ። አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ወይም ፕሪአምፑ ላይ ካለው የመሬት ብሎን ጋር በካቻቢቴ እሰሩት። መርፌውን የሚሸከመውን ክንድ በጣታችሁ ስትነኩ ኡምታው ከተለወጠ ጥፋቱ እሱ ጋ ነው። ሽቦው ታስሮም ካልጠፋ ስታብላይዘሩ የት እንዳለ ተመልከቱ። ብዙ ቤት ቲቪው ሥር፣ ከማጫወቻው ጎን ነው የሚቀመጠው። አንድ ሜትር አርቁትና አዳምጡ። የኛ ቤት ኡምታ የጠፋው እንደዚያ ነው።

ይንጫጫል፣ «ሰ» እና «ሸ» ይቧጭራሉ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ እዩልኝ፤ የአባቶቻችን ሸክላዎች የሚጎዱት እዚህ ጋ ነውና። መርፌውን በስልካችሁ ካሜራ አጉልታችሁ ፎቶ አንሱት። እኔ ሳነሳው ጫፉ ላይ እንደ ጥጥ የተጠቀለለ ግራጫ ነገር አየሁ። ስነካው ያጣብቃል። ለካ ማጫወቻው ከረከቦቱ አጠገብ ነበር። በየቀኑ የእጣኑ ጭስ ያርፍበታል፣ ከዚያ አቧራ ይይዛል። እጣኑ ይቅር አልልም፤ ማጫወቻው ግን ወደ ሌላው ግድግዳ ይዛወር። ክዳኑም ይዘጋ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱንም አስቡበት። መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ ወይም መኪና ውስጥ የተተወ ሸክላ ይጣመማል፣ የተጣመመ ደግሞ በቀላሉ አይቃናም።

መርፌው የሚጠረገው በለስላሳ ብሩሽ ነው፣ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ። ሸክላው በተጣራ ውሃና በአንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ መስመሩን ተከትሎ ይታጠባል። ከዚያ በንጹሕ የተጣራ ውሃ አለቅልቁት። መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት አይንካው። የተጣራ ውሃ ያልኩት የባትሪ ውሃ የሚባለውን ነው፤ ነዳጅ ማደያ ስትጠይቁ አሲድ እንዳይሰጧችሁ ተጠንቀቁ። በደቂቃ 78 የሚዞሩትን ወፍራምና ተሰባሪ የድሮ ሸክላዎች ደግሞ አልኮል በፍጹም አታስነኩ፣ ይሟሟሉ።

ታጥቦም መቧጨሩ ካልቀረ፣ በተለይ ወደ ዘፈኑ መጨረሻ፣ መርፌው አልቋል ወይም ካርትሪጁ አቀማመጡ ተዛብቷል። የመጀመሪያው ገንዘባችሁ የሚወጣው እዚህ ላይ ይሁን። ያለቀ መርፌ ድምፁን ብቻ ሳይሆን ሸክላውንም ይበላዋል፤ የጠፋው ደግሞ አይመለስም። የኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95 ዓይነት ካርትሪጅ ለቆጣቢ ሰው ይስማማል። ዛሬ በርካሹ መርፌ ትጀምራላችሁ፣ ስትችሉ መርፌውን ብቻ ነቅላችሁ የተሻለውን ትሰካላችሁ።

ይዘላል

መርፌው እንዳይዘል ብላችሁ ክንዱ ጫፍ ላይ ሳንቲም ጭናችሁ ከሆነ አሁኑኑ አውርዱት። መጀመሪያ ውሃ ልክ ሳህኑ ላይ አስቀምጡና ማጫወቻውን አስተካክሉ። ቀጥሎ የመርፌውን ክብደት በትንሿ የወርቅ ሚዛን ለኩ። ቪኤም95ኢ 2 ግራም ይፈልጋል፤ ብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች ላይ ያለው ኤቲ3600ኤል የሚባለው ካርትሪጅ ደግሞ ከዚያ ከበድ ያለ። ከሚገባው በታች ከሆነ መርፌው መስመሩን ይስታል። ብዙ ሰው ቢቀል ሸክላው የማይጎዳ ይመስለዋል፣ ግን የሚንሳፈፍ መርፌም ይቧጥጣል።

ሰው ሲራመድ ብቻ የሚዘል ከሆነ ጥፋቱ የወለሉ ነው። የጣውላ ወለል ያላቸው የድሮ ቤቶች ይሄ አለባቸው። ለአናጺ ነግራችሁ ግድግዳ ላይ ጠንካራ መደርደሪያ አሠሩ። ከማንኛውም አዲስ ዕቃ የበለጠ ይጠቅማችኋል።

ድምፅ ሲጨመር ያጉረመርማል

ስፒከሮቹ ከማጫወቻው ጋር አንድ ቡፌ ላይ ናቸው። ንዝረቱ በእንጨቱ አድርጎ ወደ መርፌው ይመለሳል፣ መርፌው ደግሞ መልሶ ለስፒከሩ ይሰጣል። ለዩዋቸው። ስፒከሮቹን ዱካ ላይም ቢሆን ለብቻ አስቀምጡ። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ተስተካክሎ ድምፁ አሁንም የታፈነ ከመሰላችሁ፣ ያኔ ስለ አዲስ ስፒከር ማሰብ ትችላላችሁ። ሰው ቤት ያገለገለ ስታገኙ የራሳችሁን ሸክላ ይዛችሁ ሂዱ፣ በደንብ የምታውቁትን አንድ ዘፈን አስከፍቱና እስከ መጨረሻው ስሙት።