ቴሲስ ላይ ብቻዎን እንዳይቀሩ፦ የምርምር ድጋፍ በመሃል አዲስ አበባ እንዴት ይገኛል

ኮርስ እያለ ሁሉም ደህና ነው። መምህር ይገባል፣ አሳይመንት ይሰጣል፣ ውጤት ይለጠፋል፤ ያልገባዎትን የሚጠይቁት ጓደኛም ጎንዎ አለ። የመጨረሻው ፈተና ያለቀ ዕለት ግን ክፍሉ ይበተናል፤ የመንግሥት ሠራተኛው ወደ ቢሮው፣ ከክልል የመጣው ወደ ልጆቹ ይመለሳል። ብዙ ማስተርስ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ፒኤችዲ ደግሞ ይብሳል፤ ጊዜው ረጅም፣ ጠያቂው ጥቂት ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ ወዲህ ለተመራማሪ ተማሪ የሚረዳ ብዙ ነገር ተፈጥሯል፤ ችግሩ አንድ ቦታ አለመሰብሰቡ ነው። ማኅበራዊ ሳይንሱ ስድስት ኪሎ፣ ተፈጥሮ ሳይንሱ አራት ኪሎ፣ ምህንድስናው አምስት ኪሎ፣ ሕክምናው ጥቁር አንበሳ። አንዱ ግቢ ሥልጠና ሲሰጥ ሌላው ግቢ ያለው ተማሪ አይሰማም። ስለዚህ ድጋፉን ዞሮ የሚሰበስበው ተማሪው ራሱ ነው። ከዚህ በታች የጻፍኩት ይህንን ዩኒቨርሲቲ በማሰብ ቢሆንም፣ በሌላ ተቋም የሚማሩም አብዛኛውን ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

1. መመሪያውን ኮርስ ላይ ሳሉ ይያዙ

የድኅረ ምረቃ መመሪያና የቴሲስ አጻጻፍ ፎርማት በየኮሌጁ አለ። ብዙ ተማሪ የሚያነበው ዲፌንስ (ጥናቱን በፈታኞች ፊት ማስረዳት) ሊያቀርብ ሳምንት ሲቀረው ነው። አሁኑኑ ያግኙትና አራት ነገር ይፈልጉበት፦ የሚፈቀደው ረጅሙ ጊዜ ስንት እንደሆነ፣ አማካሪ እንዴት እንደሚመደብ፣ የሂደት ሪፖርት መቼ መቼ እንደሚገባ፣ ጽሑፉ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር የሚመሳሰልበትን በሚለካው መመርመሪያ ላይ ስንት በመቶ እንደሚታለፍ።

በወረቀት ላይ ኃላፊው የድኅረ ምረቃ አስተባባሪው ነው። የትኛው ቅጽ የማን ፊርማ እንደሚፈልግና ያ ሰው መቼ ቢሮው እንደሚገኝ የምታውቀው ግን የዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ናት። ስሟን ይወቁ፣ ሰላም ይበሏት፤ መንገድ ያሳጥርልዎታል።

በዚያው ሳምንት ከራስዎ ዲፓርትመንት በቅርብ የተመረቁ የሦስት ሰዎችን ቴሲስ ከዩኒቨርሲቲው ኤሌክትሮኒክ ማከማቻ አውርደው ያንብቡ። ዓላማው መገልበጥ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የትኛው ዓይነት ርዕስ እንዳለፈ፣ ምዕራፎቹ ምን ያህል እንደሚረዝሙ፣ ፈታኝ የሚቀበለው ዘዴ የትኛው እንደሆነ ያሳይዎታል።

2. ከአማካሪዎ ጋር ሥርዓት ይፍጠሩ

የዚህ ሁሉ ነገር ግማሹ አማካሪ ነው። ምርጫ ካለዎት ስም ብቻ አይዩ። የጻፈውን ያንብቡ፣ አሁን ስንት ተማሪ እንደያዘ ይጠይቁ፣ ከእሱ ጋር የጨረሱ ሁለት ሰዎችን ሻይ ይጋብዙ። ስመ ጥሩ ፕሮፌሰር ዓመቱን ሙሉ ስብሰባ ላይና ውጭ አገር ከሆነ፣ ቢሮው የሚገኝ ወጣት ረዳት ፕሮፌሰር ይሻልዎታል። እኔ ሁሌም የምመክረው ይህንን ነው።

ቀጥሎ ያለው ነገር አጠያየቅ ነው። ተማሪ አማካሪውን ስለሚያከብርና ስለሚፈራ በቴሌግራም «ዶክተር እንደምን ዋሉ? ደህና ነዎት?» ብሎ ይጽፍና መልስ ይጠብቃል። አማካሪው ምን ብሎ ይመልስ? ሰላምታው ይኑር፣ ጥያቄው ግን አብሮት ይሂድ፦

«ዶክተር፣ እንደምን ዋሉ። ምዕራፍ ሁለትን ትናንት በኢሜይል ልኬያለሁ፤ 14 ገጽ ነው። በተለይ እንዲያዩልኝ የምፈልገው ከገጽ 6 እስከ 9 ያለውን ነው፤ ሁለቱን ጽንሰ ሐሳቦች አንድ ላይ መጠቀሜ ያስኬዳል? ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከሰዓት 20 ደቂቃ ቢኖርዎት ቢሮ እመጣለሁ።»

እንዲህ ያለ መልእክት ይመለሳል፤ ምክንያቱም ምን እንደሚነበብ፣ ምን እንደሚወሰንና መቼ እንደሆነ ለይቶ ይናገራል። «ሐሳብ አለኝ» ብሎ ከሚሄድ ይልቅ ሁለት ገጽ ይዞ የሚሄድ ይሻላል፤ ገጹ መጥፎ ቢሆንም እንኳ አማካሪው የሚሰርዘው ነገር ያገኛል።

ከስብሰባ ሲወጡ የተነጋገራችሁበትን በአምስት መስመር ጽፈው በዚያው ምሽት ይላኩለት፦ «የተስማማነው ይህ ነው፣ ካጠፋሁ ያርሙኝ»። ከወራት በኋላ «ይህን ማን አድርግ አለህ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ጽሑፉ ይመልስልዎታል። የሚሰጥዎትን አስተያየትም በሰንጠረዥ ያስቀምጡ፤ በአንድ በኩል አስተያየቱ፣ በሌላ በኩል ያደረጉት ማስተካከያና ገጹ። ይህ ሰንጠረዥ ከዲፌንስ በኋላም ያገለግልዎታል።

አማካሪው ዝም ካለስ? በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ያስታውሱት። ካልሆነ ለአስተባባሪው በጽሑፍ፣ ያለ ክስ ቃና ያሳውቁ፦ መቼ እንደላኩ፣ ምን እየጠበቁ እንደሆነ። ረዳት አማካሪ እንዲጨመር መጠየቅ አማካሪ ይቀየርልኝ ከማለት ይቀላል፤ ማንንም አያስቀይምም። መቀየሩ ግድ ከሆነ ግን ዳታ ሳይሰበስቡ ያድርጉት።

3. ቤተ መጻሕፍቱን እንደ ሥልጠና ቦታ ይጠቀሙበት

ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ለብዙ ተማሪ የንባብ ወንበር ብቻ ነው። የማጣቀሻ ክፍሉን ሠራተኛ ግን «ለእኔ ርዕስ የትኛው ዳታቤዝ ይሻላል?» ብለው ይጠይቁ። ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው ፕሮግራም የምርምር ጽሑፎችን በነፃ ከሚያገኙት አገሮች መካከል ኢትዮጵያ አንዷ ናት፤ ሂናሪ ለጤና፣ አጎራ ለግብርና፣ አርዲ ለቴክኖሎጂ፣ ጎአሊ ለሕግ። የይለፍ ቃሉ የሚሰጠው ለተቋሙ ስለሆነ ከቤተ መጻሕፍቱ ይጠይቁ። ከዚያ በፊት 40 ዶላር ከፍለው ጽሑፍ አይግዙ።

የታሪክ፣ የቋንቋና የባህል ጥናት ከሆነ እዚያው ግቢ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ። ለአሮጌ ጋዜጦችና ለመዛግብት ወመዘክር ይሂዱ። ሁለቱም ጋ የዲፓርትመንት ደብዳቤና መታወቂያ ይዘው ቢሄዱ ይቀልዎታል።

ማጣቀሻ መያዣ ሶፍትዌር ከመጀመሪያው ቀን ይጫኑ። ዞቴሮ በነፃ ይገኛል። እዚህ ላይ ከውጭ የመጣ ሥልጠና የማይነግረን ነገር አለ። ሶፍትዌሩ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ «አበበ ከበደ»ን «ከበደ፣ አ.» ያደርገዋል፤ በዚህም የጥናቱ ባለቤት አባቱ ይሆናሉ። የተለመደው የኢትዮጵያ ጥናት አሠራር ሙሉ ስሙን ሳይገለብጡ በራሱ ስም ፊደል ተራ ማስገባት ነው። ዞቴሮ ላይ ከስሙ ሳጥን አጠገብ ያለውን ምልክት ተጭነው ሁለቱን ሳጥን ወደ አንድ ይለውጡና ሙሉ ስሙን ይጻፉ። የጆርናሉ ወይም የዲፓርትመንቱ ፎርማት ሌላ ካለ እሱን ይከተሉ፤ ወሳኙ ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ ነው። ሽፋኑ ላይ «1998 ዓ.ም.» የሚል መጽሐፍ በፈረንጆቹ 2005 ወይም 2006 ሊሆን ስለሚችል ወሩ ካልታወቀ 2005/06 ብለው ይጻፉ። ዝም ብሎ ስምንት መደመር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የታተመውን ሁሉ ያሳስታል።

አማርኛ የሚጽፉ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም በዩኒኮድ ፊደል ይጻፉ። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ቃለ መጠይቅ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ቃል ፈልጎ ማግኘትም አይሆንም።

4. ሥነ ምግባርና ደብዳቤ፦ ጊዜ የሚበላው እዚህ ነው

ሰው ላይ የሚሠራ ጥናት የሥነ ምግባር ፈቃድ ይፈልጋል። ጤና ሳይንስ ላይ ያለዚያ አንድ መጠይቅ አይሞላም፤ ማኅበራዊ ሳይንስ ላይም ቁጥጥሩ እየጠነከረ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ስምና ስልክ ቁጥር በላፕቶፕ ላይ ክፍቱን ማስቀመጥ የሕግ ጉዳይም ሆኗል።

የስምምነት ቅጹን ሲያዘጋጁ እንግሊዝኛውን ቃል በቃል አማርኛ አድርገው አያስገቡ። «በዚህ ጥናት ውስጥ የሚኖርዎ ተሳትፎ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው» ከሚል ይልቅ «ካልፈለጉ መተው ይችላሉ፤ ቢተዉ ምንም አይቀርብዎትም» ይበሉ። ከዚያ ሰፈርዎ ጉሊት ለሚሸጡ እናት ያንብቡላቸውና ምን እንደገባቸው በራሳቸው ቃል እንዲነግሩዎት ይጠይቁ።

ፈቃዱ ሲገኝ ሌላ መንገድ ይጀመራል፤ የትብብር ደብዳቤ። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ አያስጽፉ። ያ ደብዳቤ ማንንም አይመለከትም። የመሥሪያ ቤቱን ስም ለይተው ያስጽፉ። ጥናትዎ አራዳ ክፍለ ከተማ ጤና ጣቢያዎች ላይ ከሆነ መጀመሪያ የከተማው ጤና ቢሮ፣ ከዚያ ክፍለ ከተማው፣ ከዚያ ጤና ጣቢያው ነው፤ እያንዳንዱ ለቀጣዩ ይጽፍልዎታል። ጤና ቢሮው የራሱ ገምጋሚ ስላለው የዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

መዝገብ ቤት ሲያስገቡ በእርስዎ ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን ያስጽፉ። ከሁለት ቀን በኋላ ሲመለሱ «ደብዳቤዬ የት ደረሰ?» ከሚሉ፣ ቁጥሩን አሳይተው «ለማን ተመራ?» ብለው ይጠይቁ። የተመራለት ባለሙያ ከታወቀ ቢሮው ሄደው ማነጋገር ይችላሉ። ሰኔና ሐምሌ መጀመሪያን ያስቀሩ፤ የበጀት ዓመት የሚዘጋበትና ዓመታዊ ሪፖርት የሚጻፍበት ወቅት ስለሆነ መጠይቅዎን የሚሞላ ሠራተኛ አያገኙም።

5. ዳታ ከመሰብሰብዎ በፊት የስታቲስቲክስ ሰው ያነጋግሩ

ብዙዎች ባለሙያ የሚፈልጉት ዳታው ከገባ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ባለሙያው ማዘን እንጂ ማዳን አይችልም። አገራችን ውስጥ በየቴሲሱ የሚታይ ቁጥር አለ፤ 384። ከምን እንደመጣ ሲጠየቁ የሚደነግጡ አሉ። ግማሽ በግማሽ ሥርጭት፣ 95 በመቶ መተማመን፣ 5 በመቶ ስህተት ሲያዝ የሚወጣ ቁጥር ነው፤ የእርስዎ ጥናት ሁለት ቡድን የሚያወዳድር ወይም በክላስተር (ሰዎችን በሰፈር ወይም በተቋም በቡድን) የሚመርጥ ከሆነ ግን ላይሠራ ይችላል። ይህን የሚነግርዎት ሰው አራት ኪሎ ስታቲስቲክስ ዲፓርትመንት ወይም በራስዎ ኮሌጅ ያለ የፒኤችዲ ተማሪ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰዓት ብቻ ይለምኑት።

መጠይቅ ለመሰብሰብ ኮቦ ቱልቦክስ ነፃ ነው፤ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። ለትንተና «R» የተባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው። ቃለ መጠይቅ የሚሠሩ ከሆነ ለአንድ ሰዓት ቅጂ ጽሕፈት አራት፣ አምስት ሰዓት ይመድቡ። አዲስ ዳታ ሳይሰበስቡም መሥራት ይቻላል፤ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ከዓለም ባንክ ጋር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሚያካሂደው የማኅበረ ኢኮኖሚ ጥናት ዳታ በነፃ ይወርዳል።

6. ሦስት አራት ሆነው ይሰብሰቡ

ክፍሉ ሳይበተን ከጓደኞችዎ ጋር ቀን ይቁረጡ። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ለዚህ ምቹ ነው። ሁሉም የየራሱን ይጽፋል፤ ከዚያ ቡና ላይ አንዱ የአንዱን ሁለት ገጽ ያነባል። ርዕሳችሁ መለያየቱ እንዲያውም ይጠቅማል፤ ለኢኮኖሚስት ያልገባው አንቀጽ ለፈታኙም ላይገባ ይችላል። ቴሌግራም ግሩፕ ብቻውን ግን አይረዳም፤ በሁለት ወር ውስጥ የበዓል መልካም ምኞት መለዋወጫ ይሆናል።

በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ «ፕሮፖዛል፣ ቴሲስ፣ ዳታ አናሊሲስ እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ ያያሉ። ጽሕፈትና ጥረዛ ማሠራት ሌላ ነው። ትንተናውን ሌላ ሰው ከሠራው ግን ዲፌንስ ላይ ስለ ሠንጠረዥ 4.7 ሲጠየቁ የሚመልሱት የለዎትም፤ ከተደረሰበትም ዲግሪው ሊሰረዝ ይችላል። ቻትጂፒቲም የሌለ ጽሑፍ በሌለ ደራሲ ስም ሊሰጥ ይችላል፤ እያንዳንዱን ማጣቀሻ ከፍተው ይዩ።

7. ዲፌንስና ከዚያ በኋላ

ከቀጠሮዎ በፊት የሌሎችን ዲፌንስ ገብተው ይመልከቱ፤ አብዛኛው ክፍት ነው። የውጭ ፈታኙ ምን ላይ እንደሚጠነክር ያኔ ያዩታል። በዋዜማው ሳምንት ለጓደኞችዎ በ15 ደቂቃ ያቅርቡ፣ አንዱ ክፉ ፈታኝ ሆኖ ይጠይቅዎት።

«ከማስተካከያ ጋር አልፏል» የሚለውን ከሰሙ በኋላ ቤትዎ ሄደው አይረፉ። የፈታኞቹን ጽሑፍ ያዘለውን ቅጂ በዚያው ዕለት ይቀበሉ፣ በቁጥር 2 ባልኩት የአስተያየት ሰንጠረዥ አንድ በአንድ ያስተካክሉ፣ አማካሪዎን ያስፈርሙ። ጽሑፍዎን ወደ ጆርናል ለመላክ ካሰቡ ደግሞ «በሦስት ቀን እናትማለን» የሚል ኢሜይል አይመኑ፤ መሥሪያ ቤትዎ ለዕድገት የሚቀበለው በትምህርት ሚኒስቴር ዕውቅና ያለውን ወይም በታወቀ ዓለም አቀፍ መዝገብ የገባውን መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። የተጠረዘው ኮፒና የኤሌክትሮኒኩ ፋይል ቤተ መጻሕፍት ሳይገባ ክሊራንሱ (ከዕዳ ነፃ መሆንዎን የሚያሳየው ቅጽ) አይፈረምም፤ ክሊራንስ ሳይኖር ደግሞ ሬጅስትራር ዲግሪውን አያወጣም።