ከጂም ክፍያ ይልቅ የቤት ስፖርት ዕቃ፦ ምኑን አስቀድመው፣ ምኑን አቆይተው ይግዙ?

ወለሉ በነፃ የሚሰጥዎትን በገንዘብ አይግዙ። ለቤት የሚሆን የስፖርት ዕቃ ለመግዛት የተነሣ ሰው ይህችን ከያዘ ብዙ ብር ኪሱ ውስጥ ይቀራል። ፑሽ አፕ፣ ስኳት፣ ፕላንክና ሲት አፕ ምንም ዕቃ አይጠይቁም። ሱቅ ሲገቡ ግን ነገሩ ተገልብጦ ያገኙታል፤ ደጃፉ ላይ የሚያብረቀርቀው ትልቁ መሮጫ ማሽን ነው፣ ላስቲኩና የሚዘለለው ገመድ ከኋላ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥለዋል። እዚህ የምጽፈው ቅደም ተከተል ከኋላው ግድግዳ ጀምሮ ወደ ደጃፉ ይመጣል። የበቃዎት ቦታ ላይ ይቁሙ።

ምሳሌ የማደርገው የአዲስ አበባን ኮንዶሚኒየም ነው፦ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም፣ ከሥር ጎረቤት አለ፣ መብራት ሲያሻው ይጠፋል። ግቢ ያለው ቤት የሚኖር ሰው ከሚከተለው ጣጣ ብዙው አይመለከተውም።

1. ጂሙ ምን እየሸጠልዎት እንደሆነ ይለዩ

የወር ክፍያው ለብረቱ ብቻ አይደለም። ስቲም አለ፣ ሙቅ ሻወር አለ፣ አሠልጣኝ አለ፤ ከሁሉም በላይ “ምነው ሰሞኑን ጠፋህ?” የሚል ሰው አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ጂም የሚመዘገበው ገላውን በደንብ ለመታጠብ ቢሆን አልፈርድበትም። ያንን ግን ዳምቤል አይተካለትም።

ስለዚህ ወረቀት ያውጡና ይጻፉ፦ ባለፈው ሲመዘገቡ በሳምንት ስንት ቀን ሄዱ? እዚያ ደርሰው በእውነት የሠሩበት ዕቃ የትኛው ነው? ለታክሲ ምን ያህል ወጣ? ብዙ ሰው ሲጽፈው የሚያገኘው ሁለት ዳምቤል፣ አንድ መሮጫና ስቲም ነው። ለመጀመሪያው ግዢ የሚመድቡት ገንዘብ ከሦስት ወር የጂም ክፍያና ከታክሲው ድምር ባይበልጥ እመክራለሁ። ሦስት ወር ቤቱ የሠራ ሰው ምን እንደጎደለው ከሻጩ በላይ ራሱ ያውቃል፤ ያኔ ይጨምርበት።

ከጂም መውጣት የሌለበት ሰውም አለ። ከባድ ባርቤል ማንሳት የሚወድ (100 ኪሎ ብረት አራተኛ ፎቅ ላይ አይጣልም)፣ ከጉዳት እያገገመ የባለሙያ ዓይን የሚያስፈልገው፣ ብቻውን ሲሆን የሚሰንፍ። እነዚህ ክፍያቸውን ይቀጥሉ።

2. ቤቱን ይለኩ

ሜትር ይያዙና ሶፋ ሳይገፉ 2 ሜትር በ1.5 ሜትር ባዶ ወለል ይፈልጉ። ሥራው በተጀመረ ቁጥር ጠረጴዛና ምንጣፍ ማንሳት ካለ ነገሩ ብዙ አይዘልቅም። እጅዎን ወደ ላይ ዘርግተው አምፖሉን እንደማይነኩ ይዩ። ዕቃው ከሥራ በኋላ የት እንደሚገባም አሁኑኑ ይወስኑ፤ አልጋ ሥር ወይም ከቁም ሳጥን ጀርባ ካልገባ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር መንገድ ላይ ነው።

ቀጥሎ ጎረቤት። ከንጋቱ 11 ሰዓት ቤት ውስጥ ገመድ መዝለል ማለት የታችኛው ቤት ሰው ጣሪያ ላይ መዝለል ማለት ነው። ገመድ ከወደዱ ግቢ ይውረዱ። ልኩን ለማወቅ መሃሉን ረግጠው እጀታዎቹን ወደ ላይ ይሳቡ፤ ብብትዎ አካባቢ ከደረሱ ልክዎ ነው።

የወለል ማት ይግዙ፤ ሴራሚክ ላይ በጉልበትና በክርን መደገፍ አይቻልም። 1 ሴንቲሜትር ገደማ ውፍረት ይበቃል። ከዚያ የወፈረና የለሰለሰ ሲተኙበት ቢመችም፣ ቆመው ክብደት ሲያነሡ እግር ያወላውላል።

3. ወለሉና ደረጃው የሚሰጡትን ይቁጠሩ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ በተጨማሪም ቢያንስ 2 ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎቹን እንዲያሠራ ይመክራል። ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ ለልብና ለሳንባ፣ አንዱ ለጡንቻ።

የመጀመሪያውን የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ይሸፍነዋል። አንዱ ፎቅ 3 ሜትር ገደማ ቢሆን፣ ከምድር እስከ አራተኛ አሥር ጊዜ የወጣ ሰው 120 ሜትር ያህል ከፍታ ወጥቷል። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ትንፋሽ ቢያጥርዎ አይደንግጡ፣ ፍጥነቱን ይቀንሱ። ሲወርዱ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው በዝግታ ይውረዱ፤ ጉልበት ላይ ጫናው የሚበዛው ሲወርዱ ነው። ማልደው መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ የሚሮጡትን ያየ ሰው ይህ ለቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል።

ለጡንቻውስ? የሚገፋውን ፑሽ አፕ ይሠራልናል፤ እግርን ስኳት፣ ሆድና ወገብን ፕላንክ። አንድ ነገር ግን ወለሉ አይሰጥም፦ መሳብ። ጀርባን የሚያሠራው ወደ ራስ መሳብ ነው፣ ለመሳብ ደግሞ የሚሳብ ነገር ያስፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ ለሚውል ሰው የጎደለው በአብዛኛው ይኸው ነው። ከማቱ በኋላ የመጀመሪያው ብር መሄድ ያለበት ወደዚህ ነው።

4. የሚሳብ ዕቃ ይግዙ

ከሁሉም የረከሰው የስፖርት ላስቲክ ነው። አንድ ብቻ አይግዙ፤ ቀጭን፣ መካከለኛና ወፍራም ያለበትን ስብስብ ይምረጡ፣ በተለይ እጀታና በር ላይ የሚሰካ ማሰሪያ ያለውን። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ማሰሪያውን በበሩና በመቃኑ መካከል ያስገቡና በሩን ዘግተው ይቆልፉ፣ ከዚያ ወደ ደረትዎ ይሳቡ። የሚቆሙት በሩ ወደ እርስዎ በማይከፈትበት በኩል ይሁን። ባልተቆለፈ በር ላይ የተወጠረ ላስቲክ ከነማሰሪያው ፊት ላይ ይመጣል። ላስቲክ ፀሐይ አይወድም፤ በረንዳ ላይ ከሰነበተ ይሰነጣጠቃል። ሁልጊዜ ከመጀመርዎ በፊት ሳብ አድርገው በጣትዎ ይፈትሹት፣ ትንሽ ስንጥቅ ካዩ ይጣሉት።

በር መቃን ላይ ተወጥሮ የሚቆመውን ፑል አፕ ብረት በተመለከተ ጥንቃቄ አለኝ። ብረቱን የሚይዘው ሰበቃ ብቻ ነው፤ ቀለም የተቀባ የላሜራ መቃን ደግሞ ያንሸራትታል። ግድግዳ ላይ በቡሎን ማሰርም ሁልጊዜ አይሠራም፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ስለሆነ፣ ፊሸሩ (ቡሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ) የሚይዘው ቀጭኑን የብሎኬት ገጽና ልስኑን ነው። 70 ኪሎ ሰው ሲንጠለጠልበት ከነልስኑ ይዞት ይወርዳል። የሚታሰረው ኮንክሪት ላይ፣ ማለትም ምሰሶ ወይም ቢም ላይ ብቻ ነው። ቤቱ የኪራይ ከሆነ አከራይዎን ሳያናግሩ አይብሱት። ይህ ሁሉ ካልተሟላ ላስቲኩ ይበቃዎታል።

ሁለተኛው ግዢ ዳምቤል ነው፤ ክብደቱ የሚጨመርና የሚቀነስ ዓይነት። አንድ ቋሚ ጥንድ በጥቂት ወር ይቀልዎታል፣ ከዚያ ሌላ ጥንድ፣ ከዚያም ሌላ። ዲስክ የሚጨመርበት ግን አብሮዎት ያድጋል። ሲገዙ የሚታዩት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

- ክብደቱ ልክ መሆኑን። ሱቅ ውስጥ 8 ጊዜ አንሥተው የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ካልከበዱዎት ቀላል ነው፤ አምስተኛው ላይ ወገብዎ ከተጣመመ ከባድ ነው።
- የዲስኩን ቀዳዳ። የቤቱ ዓይነት ቀጭን ዘንግ ከ25 እስከ 30 ሚሊሜትር ነው፣ የውድድሩ ደግሞ 50። ሌላ ቀን ዲስክ ሲጨምሩ እንዳይላቀቅ ዘንግዎን ለክተው ይሂዱ።
- ዲስኩን ዘንጉ ላይ የሚይዘውን ማሰሪያ። በጥርስ የሚጠብቅ ብሎንና ውስጡ ጎማ ያለው ይሻላል፤ ለስላሳው በእንቅስቃሴ ይላላል።
- ዲስኩ የብረት ነው ወይስ ፕላስቲክ ውስጥ የተሞላ ሲሚንቶ? የሲሚንቶው ይረክሳል፣ ይገዝፋል፣ ከወደቀ ይሰነጠቃል። ለጀማሪ ክፉ አይደለም፤ በብረት ዋጋ ግን አይግዙት።

ዳምቤል ካለ ወንበር ላይ አንድ እጅ ተደግፎ በሌላው መሳብ ይቻላል፣ ስኳቱ ይከብዳል፣ ትከሻም ይሠራል። ለብዙ ሰው ግዢው እዚህ ያልቃል።

5. ገንዘብ ካልበቃ በቤት ያለው

ውሃ አንድ ሊትሩ አንድ ኪሎ ነው። 5 ሊትር ጀሪካን 5 ኪሎ፣ 20 ሊትሩ 20 ኪሎ ከጀሪካኑ ጋር ትንሽ ይበልጣል። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ቢሞላ 2 ኪሎ፣ ደረቅ አሸዋ ቢሞላ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጀሪካን ለመሳብና ተሸክሞ ለመሄድ ግሩም ነው፤ ከራስ በላይ ግን አያንሡት፣ ውሃው ውስጡ ስለሚናጥ ሚዛን ያሳጣል፣ ክዳኑም አይታመንም። ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቶ በቱቦ ማያያዝ የየሰፈሩ ወጣት የሚያውቀው ጥበብ ነው። የሁለቱን ጣሳ ክብደት ሚዛን ላይ አስቀምጠው ያመሳስሉ፤ ካላመሳሰሉት አንዱ ትከሻ ይከፍላል።

6. ማሽን የሚገባው ለማን ነው?

ይህን ሁሉ ሠርተውም ማሽን ካማረዎት ምክንያትዎን ይመርምሩ። ጎህ ሳይቀድ ለመሮጥ የሰፈሩ ውሻ የማያስወጣው፣ መንገድ ላይ በሚደርስባት ለከፋ የተማረረች ሴት፣ ሕፃን ትታ መውጣት የማትችል እናት፣ እነዚህ በቂ ምክንያቶች ናቸው። “ካለኝ እሠራ ነበር” ግን በቂ አይደለም። ደረጃውን ሁለት ወር ያልወጣ ሰው ማሽኑ ላይም አይወጣም፤ ጋቢ ይሰቅልበታል።

ከመሮጫውና ከብስክሌቱ እኔ ለፎቅ ቤት ብስክሌቱን እመርጣለሁ። ድምፁ አነስተኛ ነው፣ ጉልበት አይመታም፣ ቦታ አይፈጅም። በማግኔት የሚከብደውና የሚቀለው ዓይነት፣ በእጅ የሚዞር መቆጣጠሪያ ያለው፣ መብራት አይፈልግም፤ ቁጥሩን የምታሳየው ትንሿ መስኮት በባትሪ ድንጋይ ትሠራለች። በጨርቅ ፍሬን የሚከብደው ይረክሳል፣ ግን ፍሬኑ እያለቀ መቀየር ይፈልጋል። ኮርቻውን ሲያስተካክሉ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትዎ በትንሹ የታጠፈ ይሁን፤ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ ኮርቻው ረዝሟል፣ ጉልበትዎ ወደ ደረትዎ የሚመጣ ከሆነ አጥሯል።

መሮጫውን የግድ ካሉ፣ ሞተሩ ላይ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበት በጥንቃቄ ያንብቡ። አንዳንዱ የሚጽፈው ለአፍታ የሚደርስበትን ከፍተኛ ጉልበት ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ነው፤ ለእርምጃ 1.5 እስከ 2፣ ለሩጫ 2.5 እና ከዚያ በላይ። የሚረገጠው ቀበቶ ለእርምጃ 120 ሴንቲሜትር ርዝመት ይበቃዋል፣ ለሩጫ ከ140 ባያንስ። ከኋላው 2 ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ የሚወድቅ ሰው የሚወድቀው ወደ ኋላ ነው፣ ግድግዳ ካለ በቀበቶውና በግድግዳው መካከል ይያዛል። ልጆች ባሉበት ቤት የደኅንነት ቁልፏን ነቅለው ያስቀምጡ።

የመብራቱ ጉዳይ ይህን ማሽን ያከብደዋል። ሲሮጡ መብራት ከጠፋ ቀበቶው ድንገት ይቆማል፤ የማሽኑን የእጅ መደገፊያ መያዝ ይልመዱ፣ መብራቱ ሲመለስ ቦርዱ እንዳይቃጠልም ወዲያው ሶኬቱን ይንቀሉ። ስታቢላይዘር ከገዙ የማሽኑን ዋት የሚችል ይሁን፤ ለቴሌቪዥን የተገዛው አይችለውም። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ማሽን አብዛኛውን ጊዜ በ110–120 ቮልት የሚሠራ ነው፣ የእኛ 220 ነው። ትራንስፎርመሩ፣ ጭነቱና ቀረጡ ሲደመር “ስጦታው” እዚህ ከሚገዛው ሊበልጥ ይችላል። ዘመድዎ ላስቲክ ይላክልዎት፤ ሻንጣ ጥግ ይገባል።

7. ያገለገለ ሲገዙ

ቴሌግራም ላይ “ብዙም ያልተሠራበት” የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ በዚህ ጉዳይ ሻጩን ሊያምኑት ይችላሉ፤ የቤት ማሽን እንደ ገዙት ተቀምጦ የሚከርም ዕቃ ነው። ለዚህም ነው ያገለገለ መግዛት የሚያዋጣው። ቢሆንም መብራት ባለበት ሰዓት ሄደው 15 ደቂቃ ራስዎ ይሥሩበት። መሮጫው ላይ በዝግታ ሲራመዱ ቀበቶው ይንቀረፈፋል ወይም ይይዛል? የሞተሩ ክዳን ይግላል? የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል? ከቀበቶው ሥር እጅዎን ሲያስገቡ ደረቅ ከሆነ ሲሊኮን ዘይት ይፈልጋል፤ የሞተር ወይም የምግብ ዘይት አይተካውም፣ ቀበቶውን ያበላሸዋል። ብስክሌት ላይ ፔዳሉን በእጅዎ ወደ ግራና ቀኝ ይወዝውዙት፤ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፣ ዋጋው ይቀነስ። ዳምቤልን የሚያበላሽ ነገር ብዙ የለም፤ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው ቀለም ይቀቡት።

ዋጋ ሲነጋገሩ ማጓጓዣውን አይርሱ። መሮጫ ማሽን ከ50 እስከ 100 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል፣ በአራት ፎቅ ደረጃ የሚወጣውም በሰው ትከሻ ነው። መታጠፊያው ላይ የደረጃውን ስፋት ይለኩ፣ ማሽኑ የሚታጠፍ ወይም የሚፈታ መሆኑን ይጠይቁ። ከግቢው ጫኝና አውራጆች ጋርም መኪናው በር ከመግባቱ በፊት ይስማሙ፤ ከገባ በኋላ ዋጋው ሌላ ነው።