በብሔራዊ ውትድርና ዘምቶ ያልተመለሰን የገጠር ልጅ ታሪክ እንዴት እንጻፍ

በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 የሆኑ ዜጎችን ሲጠራ፣ በገጠር ኮታውን የሚያሟላው ገበሬ ማኅበሩ ስለ ነበር፣ ብዙ ወጣቶች ከእርሻና ከገበያ በአፈሳ ተወስደዋል። ዛሬ የእንዲህ ዓይነቱን ወንድም ወይም አጎት ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው በእጁ ያለው አንድ ፎቶግራፍና ሁለት ደብዳቤ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሥራው ከእናት ወይም ከታላቅ እኅት ይጀምር። «በስንት ዓመተ ምሕረት ሄደ?» የሚለው ጥያቄ እምብዛም መልስ ስለማያገኝ፣ ከ77ቱ ድርቅ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ በመንደር ምሥረታ ቤቱ ሲነሣ እርሱ ነበረ ወይ፣ ጤፉ ገና እየተዘራ ነበር ወይስ ለአጨዳ ደርሶ እየተባለ ይጠየቅ። ከዚያም ምን ዓይነት በሬ ይጠምድ እንደ ነበር፣ ከማን ጋር ደቦ እንደሚወጣ፣ ታጭታለት የነበረች ልጅ እንደ ነበረች ይመዝገብ። ጸሐፊዎች ወደ ጦርነቱ ይቸኩላሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን ከጽሑፉ እኩሌታ በላይ ለዚህ ሊሰጥ ይገባል፤ ልጁ አብዛኛውን ዕድሜውን የኖረው በመንደሩ እንጂ በምሽግ አይደለምና።

ከደብዳቤዎቹ ላይ «ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደኅና ነኝ» ከሚለው ሰላምታ አልፎ ቀኑን፣ የክፍሉን አድራሻና በመጨረሻ ሰላም የተባሉትን ሰዎች ስም መገልበጥ ያስፈልጋል። የእጅ ጽሑፉ ከአንዱ ደብዳቤ ወደ ሌላው ከተለያየ፣ የጻፈለት ጓደኛው ሊሆን ይችላልና ያ ሰው በሕይወት ካለ ተፈልጎ ይጠየቅ።

ሞቱን በተመለከተ ጥንቃቄ ያሻል። በኤርትራ ግንባር የነበረው የመንግሥት ጦር ክፍል፣ ናደው እዝ፣ በመጋቢት 1980 አፋቤት ላይ ሲደመሰስና የወደብ ከተማዋ ምፅዋ በየካቲት 1982 በሻዕቢያ ስትያዝ ብዙ ወታደር ሞቷል፤ ብዙም ተማርኳል። ስለዚህ የመጨረሻው ደብዳቤ ከነዚህ ቀኖች በአንዱ ዋዜማ ስለ ተጻፈ ብቻ «በዚያ ወደቀ» ማለት አይቻልም። ወሬውን ያመጣው ማን እንደ ሆነ፣ በዓይኑ አይቶ ወይስ ሰምቶ እንደ ተናገረ ይገለጽ፤ ሁለት ምስክሮች ከተለያዩም የሁለቱም ቃል ይስፈር።

መርዶው የተነገረበት ንጋት፣ አስከሬን በሌለበት ለቅሶ ምን እንደ ተያዘ፣ ተዝካሩ መቼ እንደ ወጣ የታሪኩ አካል ነው። እናቱ መርዶውን አልቀበልም ብላ እስከ ግንቦት 1983 ድረስ፣ ሠራዊቱ ተበትኖ ጎረቤቶቿ ሲመለሱም፣ መንገድ መንገዱን ስታይ ከቆየች፣ ልብሱን በሣጥን ስንት ዓመት እንዳስቀመጠችው ጭምር ይጻፍ።