አሮጌ መድፍ ስታዩ ዓይነቱን እንዴት ትለያላችሁ

እኛ ሰሜን ሸዋ አሮጌ መድፍ ያየ ሰው ወይ "የአድዋ ነው" ወይ "ሴባስቶፖል ነው" ብሎ ይገላገላል። ሴባስቶፖል እኮ አንድ ነው፣ እሱም ጋፋት ተሠርቶ መቅደላ ድረስ የተጎተተው የአፄ ቴዎድሮስ ሞርታር ነው፣ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ። ስለዚህ ወሬውን ተዉትና መድፉን ራሱን እዩት።

መጀመሪያ ከኋላው ጀምሩ። ድፍን ሆኖ ከላይ ትንሽዬ ቀዳዳ ብቻ ካለው በአፉ የሚጎርስ ነው፣ ባሩዱ በአፈሙዙ ይገባል፣ ከዛ አረሩ፣ ከዛ በዘንግ ይጠቀጠቅና በቀዳዳዋ እሳት ይሰጠዋል። በ1834 ዓ.ም አንጎለላ ላይ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውል የተፈራረመው የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ስጦታ ብሎ ያመጣቸው መድፎችም በአፍ የሚጎርሱ ነበሩ። ከኋላ የሚከፈት በር ካለው ግን ዘመኑ ቀረብ ይላል፣ 1888 አድዋ ላይ የኛዎቹ የተኮሱት ሆችኪስ እንደዛ ነው።

ቀጥሎ በሞባይላችሁ አፈሙዙ ውስጥ አብሩ። ልሙጥ ከሆነ ድብልብል አረር ነው የሚተኩሰው፣ ጠመዝማዛ ቦይ ካለው ደግሞ ሾል ያለ ጥይት እያሽከረከረ ይልካል፣ በጣም ርቆም ይሄዳል። ቁመቱንም እዩ፦ ረጅሙ ቀጥ አድርጎ ይመታል፣ አጭርና አፈ ሰፊ ሙቀጫ የመሰለው ሞርታር ሽቅብ ተኩሶ ከግንብ ጀርባ ይጥላል፣ መሀል ላይ ያለው ሃውዘር ነው። የአፉን ስፋት በሜትር ለኩ፣ 7 ሴ.ሜ ገደማ የሆነ ልሙጥ መድፍ 3 ፓውንድ ማለትም 1.4 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የብረት አረር የሚጎርስ ነው ማለት ነው።

ጥይቱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚምታታው። ድፍኑ አረር አይፈነዳም፣ ግንብ ይሰብራል፣ ሜዳ ላይ ደግሞ መሬት እየነጠረ ሰልፉን ይጠርገዋል። ቅንቡላ ውስጡ ክፍት ነው፣ ባሩድ ይሞላና በፊውዝ፣ ማለትም ባሩዱን በሚለኩሰው መለኮሻ፣ ይፈነዳል። ካኒስተር የሚባለው ቆርቆሮ ውስጥ የታጨቁ ትንንሽ አረሮች ናቸው፣ ከአፈሙዙ እንደወጣ ስለሚበተን ቅርብ ለደረሰ እግረኛ ነው፤ ሽራፕኔል ግን አረሮቹን ይዞ ርቆ ይሄድና ጠላት አናት ላይ ሲደርስ አየር ላይ ይፈነዳል። በሰንሰለት የተያያዙት ሁለት አረሮች የመርከብ ምሰሶና ገመድ መበጠሻ ናቸው፣ አንኮበር ተራራ ላይ አትፈልጓቸው።

አንድ ነገር ግን፣ ስታርሱ ወይ መሠረት ስትቆፍሩ ድብልብልም ሹልም ብረት ብታገኙና የፊውዝ ቀዳዳ ወይ የነሐስ ቡሽ ካለበት አትቀጥቅጡት፣ ለቆራሌም አትሽጡት። ባሩድ ከመቶ ዓመት በኋላም ይነሳል። ቀዳዳ ባይታያችሁም ዝገቱ ደፍኖት ሊሆን ስለሚችል ባለበት ትታችሁ፣ ልጆቹን አርቃችሁ ለፖሊስ ደውሉ።