የፕሮሰሰር ጥቃት ጠቋሚያችሁ ሲሳሳት ከቆጣሪው ጀምሩ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ይፋ የሆኑት ስፔክተርና ሜልትዳውን የተባሉ ጥቃቶች ሚስጥር የሚሰርቁት በራሱ በፕሮሰሰሩ አሠራር ተጠቅመው ነው። ጸረ ቫይረስ እንዲህ ያለውን በቀላሉ አያገኘውም። ዱካው ግን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባሉ የሃርድዌር ቆጣሪዎች ላይ ሊታይ ይችላል፤ ከካሽ (ከፕሮሰሰሩ ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ) ስንት ጊዜ ዳታ ታጣ፣ ስንት የቅርንጫፍ ግምት (ፕሮግራሙ ቀጥሎ በየት እንደሚሄድ ፕሮሰሰሩ አስቀድሞ የሚገምተው) ከሸፈ። ጥቃት ጠቋሚው የማሽን ለርኒንግ ሞዴል የሚማረው ከእነዚህ ቁጥሮች ነው። ጠቋሚው ሲሳሳት ሁሉም ሞዴሉን ይወቅሳል። እኔ ግን መጀመሪያ ቁጥሮቹ ይፈተሹ እላለሁ።

ምልክት፦ ያው ፕሮግራም በየጊዜው የተለያየ ቁጥር ይሰጣል

ብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ሃይፐርትሬዲንግ (አንድ ኮር ሁለት የሥራ መስመር ጎን ለጎን የሚያስኬድበት ዘዴ) ሲበራ ለአንድ ትሬድ፣ ማለትም ለአንድ የሥራ መስመር፣ እንደፈለግን የምንመድባቸው ቆጣሪዎች 4 ብቻ ናቸው። 10 ዓይነት ክስተት (ለምሳሌ የካሽ እጦት) ከጠየቃችሁ ቆጣሪዎቹን የሚያነበው የሊኑክሱ መሣሪያ ፐርፍ በየተራ ይቆጥርና የጎደለውን በስሌት ይገምታል። ከቁጥሩ ጎን ከ100 በታች የሆነ መቶኛ ካያችሁ ምክንያቱ ይሄ ነው። ክስተቶቹን ቀንሱ።

ምልክት፦ ፐርፍ ክስተቱ አይደገፍም ይላል

ምናልባት ቨርቹዋል ማሽን (በሌላ ኮምፒውተር ላይ በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር) ውስጥ ናችሁ። ቆጣሪውን የሚፈቅደው አስተናጋጁ ማሽን ስለሆነ እዚያ ላይ ይስተካከል።

ምልክት፦ ላብራቶሪ ውስጥ 99 በመቶ ትክክል፣ ሥራ ላይ ግን የማያባራ ማንቂያ

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። በሰከንድ 10 ናሙና ብትወስዱ በቀን 864,000 ይሆናል። ከዚያ 1 በመቶው ብቻ በስህተት ቢጮህ 8,640 የሐሰት ማንቂያ ነው! ይህን ማን ተቀምጦ ያያል?

ዋናው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የሥልጠናው ዳታ ነው። ጥቃትን ሥራ ከፈታ ማሽን ጋር ብቻ ካነጻጸራችሁ ሞዴሉ የሚማረው ሥራ መብዛቱን እንጂ ጥቃትን አይደለም። ዳታቤዝም፣ ትልቅ ፋይል መጭመቅም ካሽን ያተራምሳሉ። ስለዚህ ከባድና ጤነኛ ሥራዎችን ሥልጠናው ውስጥ አስገቡ። ከጥሬ ቁጥር ይልቅ ፕሮሰሰሩ በሚፈጽመው በየ1,000 ትእዛዝ ስንት የካሽ እጦት እንዳለ አስሉ። መፈተኛውን ዳታ ደግሞ ሞዴሉ ጭራሽ ካላያቸው ፕሮግራሞች ውሰዱ። የአንድ ፕሮግራም ናሙና በሥልጠናውም በመፈተኛውም ውስጥ ካለ ያ 99 በመቶ ምንም ማለት አይደለም። ማንቂያውም በተከታታይ ናሙናዎች ሲረጋገጥ ብቻ ይጩህ።

ምልክት፦ ጥቃት አለ፣ ጠቋሚው ዝም ብሏል

ፍለሽ ፕላስ ፍለሽ የተባለው ዘዴ ዳታን ከካሽ እያባረረ ማባረሩ የፈጀውን ጊዜ ይለካል፤ አጥቂው ራሱ ሜሞሪውን ሳያነብ ስለሚሠራ በእሱ በኩል የካሽ እጦቱ ትንሽ ነው። ተጠቂው ግን ዳታው ከካሽ እየተባረረበት ይቸገራል። ስለዚህ ሚስጥር የያዘውን ፕሮሰስም ተከታተሉ። ቀስ ብሎ የሚሰርቅ አጥቂ ከዚህም ሊያመልጥ ስለሚችል የማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ ፕሮግራም) እና የከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ማሻሻያዎችን በጠቋሚው ተማምናችሁ አታዘግዩ።